አነስተኛ አውሮፕላን በገጠር ማረፊያ ላይ የሚደርስበት አደጋ ከየት ይጀምራል?

በድርቅ፣ በጎርፍ ወይም በሌላ ምክንያት መንገድ በተቋረጠበት ሥፍራ ለሚገኙ ችግረኞች አልሚ ምግብ፣ መድኃኒትና የሕክምና ባለሙያ በአስቸኳይ ማድረስ ሲያስፈልግ ብዙውን ጊዜ የሚቀረው አማራጭ አነስተኛ አውሮፕላን ነው። አውሮፕላኑ የሚነሣበት ጫፍ የታወቀ ነው። አስፋልት የለበሰ ማኮብኮቢያ፣ የመቆጣጠሪያ ማማ፣ የአየር ጠባይ ተመልካችና የእሳት አደጋ መኪና አለው። የሚያርፍበት ጫፍ ግን ቁጥቋጦው ተመንጥሮ፣ ድንጋዩ ተለቅሞ፣ ዳርና ዳሩ በኖራ በተቀባ ድንጋይ የተመለከተ የሣር ሜዳ ነው። ማማም ሆነ ተመልካች የለውም። በዚያ ሜዳ ላይ የማማውንም የተመልካቹንም ሥራ የሚሠራው፣ ይወቀውም አይወቀውም፣ በራዲዮ ወይም በስልክ ስለ ሜዳው መልእክት የሚያስተላልፈው የወረዳ ኃላፊ ወይም የእርዳታ ሠራተኛ ነው። ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው በተለይ ለእርሱ ነው።

አውሮፕላን በሚያርፍበት ጊዜ አደጋ ሲደርስበት በመጀመሪያ የሚጠየቀው አብራሪው ነው። መሪውን የያዘው እርሱ በመሆኑ ይህ ያለ ምክንያት አይደለም። ይሁን እንጂ አብራሪው የሚወስነው በተነገረውና ባየው ላይ ተመሥርቶ ነው። ከ300 ሜትር ከፍታ ላይ ሲታይ የደረቀ ሣርና የረጠበ ሣር አንድ ዓይነት አረንጓዴ ናቸው፤ ሣር የሸፈነው ጉድጓድም ከናካቴው አይታይም። ስለዚህ አደጋው በሚፈጸምበት ቅጽበት ጥፋቱ የአብራሪው መስሎ ቢታይም መነሻው ከጥቂት ሰዓታት በፊት በመሬት ላይ ተጥሎ ሊሆን ይችላል።

ማረፍ ከበረራው ክፍሎች ሁሉ አስጊው መሆኑ በአኃዝ የተረጋገጠ ነው። በትላልቅ የንግድ ጄቶች ላይ የቦይንግ ኩባንያ ለብዙ ዓመታት ያጠናቀረው መረጃ እንደሚያሳየው ወደ ማረፊያ የመጨረሻው አቀራረብና ማረፉ ራሱ ከበረራው ጊዜ 4 በመቶ ያህል ብቻ ቢሆንም፣ ሕይወት ከጠፋባቸው አደጋዎች ግማሽ ያህሉ የደረሱት በዚሁ አጭር ጊዜ ውስጥ ነው። ይህ እንግዲህ መብራትና የራዲዮ መምሪያ በተሟላላቸው ማረፊያዎች ላይ የሚታይ ነው። በሣር ሜዳ ላይ ሲሆን የሚጨመሩበት ነገሮች አሉ።

አደጋው በጥቂት መልኮች ይደርሳል። አውሮፕላኑ ሜዳው ሳይበቃው ቀርቶ ከዳር ያልፋል፤ ወይም ሜዳው ላይ ሳይደርስ ከአፋፉ ጋር ይጋጫል፤ ወይም አንዱ ጎማ ጭቃ ሲይዘው ወደ ጎን ይጠመዘዛል፤ ወይም የፊተኛው ጎማ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ እግሩ ይሰበርና በአፍንጫው ይደፋል። የጎማው አቀማመጥ ራሱ ለውጥ ያመጣል። በአገራችን የገጠር ማረፊያዎች ለብዙ ዓመታት የሚታወቀው ዲሲ-3 ትንሿ ጎማው በጅራቱ በኩል በመሆኗ የፊት ጎማ የመሰበር ሥጋት አልነበረበትም፤ ነገር ግን የክብደቱ ማዕከል ከዋናዎቹ ጎማዎች በስተኋላ ስለሚውል አንድ ጊዜ መጠማዘዝ ከጀመረ ጅራቱ ቀድሞ ሊዞር ይፈልጋል። ከእርሱ በኋላ የመጡት እንደ ትዊን ኦተር ያሉት በፊት ጎማ የሚሄዱ በመሆናቸው ቀጥ ብለው ለመንከባለል የተሻሉ ናቸው፤ በአንጻሩ ያ የፊት ጎማ ጉድጓድን አይወድም። የጅራት ጎማ ያለው አውሮፕላን ተቀብሎ የነበረ ሜዳ ዛሬ የፊት ጎማ ላለው ይበቃል ማለት አይደለም።

ከእንዲህ ዓይነቱ አደጋ ብዙው ሰው ሳይሞትበት የሚያልፍ በመሆኑ እንደ ቀላል ነገር የሚመለከቱት አሉ። ጉዳዩን በእህል ማስላት ይጠቅማል። አንድ አነስተኛ አውሮፕላን በአንድ ጉዞ 15 ኩንታል አደረሰ እንበል። ለአንድ ሰው በቀን 500 ግራም ቢታደል ይህ የ100 ሰዎች የአንድ ወር ቀለብ ነው። በቀን 3 ጊዜ የሚመላለስ ከሆነ በአንድ ቀን የ300 ሰዎችን የወር ቀለብ ያስገባል። እግሩ የተሰበረ አውሮፕላን በሜዳው መካከል ሲጋደም ግን የሚቋረጠው የእርሱ ጉዞ ብቻ አይደለም፤ ሌላም አውሮፕላን እንዳያርፍ ሜዳውን ይዘጋል። ማንሻ ክሬን እንዳይመጣ መንገዱ ተቋርጧል፤ መንገዱ ባይቋረጥ ኖሮ ከመነሻው አውሮፕላን ባላስፈለገ ነበር።

አሁን ወደ ምክንያቶቹ እንለፍ። የመጀመሪያው አየሩ ራሱ ነው። ከፍታና ሙቀት አየርን ያሳሳሉ። ክንፍ አውሮፕላኑን የሚሸከመው በአየር ላይ ተደግፎ በመሆኑ፣ አየሩ ሲሳሳ ያንኑ ክብደት ለመሸከም አውሮፕላኑ የበለጠ መፍጠን አለበት። በአብራሪው ፊት ያለው የፍጥነት መለኪያ ይህን ልዩነት አያሳይም፤ መለኪያው የሚሠራው በሚነፍስበት አየር ግፊት ስለሆነ አየሩ ሲሳሳ አብሮ ዝቅ ይላል። ለምሳሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር በሆነ ሜዳ ላይ፣ ይኸውም የአዲስ አበባና የመቀሌ አካባቢ ከፍታ ማለት ነው፣ ሙቀቱ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነበት ቀን መለኪያው በሰዓት 130 ኪሎ ሜትር ሲያመለክት አውሮፕላኑ በእውነቱ የሚጓዘው 152 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ፍሬኑ ማቆም ያለበት ደግሞ እውነተኛውን ፍጥነት ነው። ለማቆም የሚያስፈልገው ኃይል በፍጥነቱ ልክ ሳይሆን ፍጥነቱ በራሱ ሲባዛ በሚገኘው መጠን ስለሚያድግ፣ የ17 በመቶ ጭማሪ በፍሬኑ ላይ 37 በመቶ ሆኖ ይመጣል።

ቆላ ነውና ይህ አይመለከተንም የሚል የምዕራብ ወረዳ ባልደረባ ቢኖር ጋምቤላን ይመልከት። ከተማው ከባሕር ጠለል በላይ 540 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ነገር ግን ሙቀቱ 40 ዲግሪ ሲደርስ አየሩ በመደበኛ ሙቀት 1,500 ሜትር ላይ የሚገኘውን አየር ያህል ይሳሳል። ማለዳና ቀትር በአንድ ሜዳ ላይ ሁለት የተለያዩ ማረፊያዎች ናቸው። አብራሪዎች ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ለማረፍ የሚጣደፉት ለዚህ ነው፤ በጣቢያው ያለው የሥራ ሰዓት ግን አንዳንድ ጊዜ ይህን አያውቅም። ቁርስ እስኪበላ፣ ፊርማ እስኪገኝ፣ የጭነት ዝርዝሩ እስኪተየብ ተብሎ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ሊነሣ የነበረው አውሮፕላን ከቀኑ 7 ሰዓት ሲያርፍ የተለወጠው ሰዓቱ ብቻ አይደለም።

ሁለተኛው መሬቱ ነው፤ ከሁሉም በላይ ሊተኮርበት የሚገባውም ይኸው ነው። የእንግሊዝ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ለአነስተኛ አውሮፕላን አብራሪዎች ካወጣው መመሪያ ጥቂት አኃዞችን እንውሰድ። በጠንካራ መሬት ላይ የበቀለ እርጥብ ሣር ለማረፍ የሚያስፈልገውን ርቀት በ35 በመቶ ይጨምራል። ከማረፊያ ፍጥነቱ አንድ አሥረኛ የሚሆን ነፋስ ከኋላ ሲመጣ 20 በመቶ ይጨምራል። በየ100 ሜትሩ 2 ሜትር የሚወርድ ቁልቁለት 10 በመቶ ይጨምራል። የአውሮፕላኑ ክብደት በ10 በመቶ ሲጨምር ርቀቱም 10 በመቶ ይጨምራል። አስፈላጊው ነጥብ እነዚህ ጭማሪዎች አንዱ በሌላው ላይ የሚባዙ መሆናቸው ነው። በደረቅና በደልዳላ አስፋልት ላይ 350 ሜትር የሚበቃው አውሮፕላን በእርጥብ ሣር ከ470 ሜትር በላይ ይፈልጋል፤ ያ ነፋስ ከኋላው ሲጨመር 567 ሜትር፤ ቁልቁለቱ ሲጨመር 624 ሜትር ይሆናል። ሜዳው 600 ሜትር ከሆነ አልበቃም ማለት ነው። ከሦስቱ ምክንያቶች አንዱም ብቻውን ሲታይ አያስፈራም፤ ዝናቡ ትንሽ ካፊያ፣ ነፋሱ ሽውታ፣ ቁልቁለቱ ለእግረኛ የማይታወቅ ነው። ይኸው መመሪያ አጭርና እርጥብ ሣር በጠጣር መሬት ላይ ሲሆን እንደ በረዶ እንደሚያዳልጥና ጭማሪው እስከ 60 በመቶ ሊደርስ እንደሚችል ያስጠነቅቃል።

በአገራችን በዚህ ላይ የዋልካ አፈር አለ። ዋልካ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ሲረጥብ ያብጣል፣ ይይዛልም። አስቸጋሪው በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ ነው። ከዝናብ በኋላ አንድ ቀን ፀሐይ ሲወጣ ላዩ ቅርፊት ይይዛል፤ ሰው ቢሄድበት አይሰምጥም፤ ታችኛው ግን ገና ለስላሳ ነው። የሰው እግርና የአውሮፕላን ጎማ አንድ አይደሉም። ሙሉ ጭነት የያዘ ትዊን ኦተር 5,670 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ ይህን ሁሉ የሚሸከሙት ሦስት ጎማዎች ናቸው። ስለዚህ «ሄጄ አየሁት፣ ጫማዬን አልያዘውም» የሚለው ማረጋገጫ በቂ አይደለም። የተሻለው ዘዴ ጭነት የያዘ ላንድሮቨር ወይም ሌላ መኪና ሜዳውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳርና ዳሩንም ጭምር ሲነዱበት ማየት ነው። ጎማው ፈር ካወጣ ሜዳው ዝግ ነው። መኪናው በፍጥነት ሲሄድ ሰውን ከወንበሩ የሚያነሣው ከሆነም አውሮፕላኑን ይሰብረዋል። መኪና ከሌለ የእንጨት ካስማ በየ50 ሜትሩ ወደ መሬት ገፍቶ መመልከት ከምንም ይሻላል።

በጋምቤላና በመተከል ቆላማ ሥፍራዎች ደግሞ ኩይሳ አለ። ምስጥ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የጎማ ከፍታ ያለው ጉብታ በማኮብኮቢያው መካከል ሊሠራ ይችላል፤ ደርቆ ከጠነከረ ድንጋይ ነው። አዋልዲጌሳ ምስጡን ሲፈልግ የሚቆፍረው ጉድጓድ ደግሞ የፊት ጎማን ለመዋጥ የተሰናዳ ያህል ነው። ባለፈው ወር የታየ ሜዳ ዛሬ አልታየም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል።

ስለ ነፋስ ብዙ ማለት አያሻም፤ አውሮፕላን ከነፋሱ ፊት ለፊት ማረፍ አለበት፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። ያልታወቀው ምን ያህል ትንሽ ነፋስ እንደሚበቃ ነው። በሰዓት 130 ኪሎ ሜትር እየበረረ ለሚያርፍ አውሮፕላን አንድ አሥረኛው 13 ኪሎ ሜትር ነው። ይህም የዛፍ ቅጠልና ቀጫጭን ጭራሮ ሳያቋርጥ የሚያንቀሳቅስ፣ ቀላል ባንዲራን የሚዘረጋ፣ ሰው ደስ ብሎት የሚቀበለው ነፋስ ነው። የነፋስ አመልካች ጨርቅ በምሰሶ ላይ መስቀል ወጪው የአንድ ጆንያ ዋጋ ቢሆን ነው፤ እርሱም ከሌለ በሜዳው ዳር ርጥብ ቅጠል የተጨመረበት እሳት አንድዶ ጢሱን ለአብራሪው ማሳየት ይቻላል። እሳቱን የሚጠብቅ ሰው መኖር አለበት፤ የደረቀ ሣር አጠገብ መሆኑ አይረሳ።

ተዳፋት ሜዳዎች የራሳቸው ጠባይ አላቸው። በተራራማ አገር ሜዳው ሲገኝ እንደ ተገኘ ስለሚሠራ ብዙዎቹ ከአንድ አቅጣጫ ብቻ፣ ወደ ዳገት፣ የሚታረፍባቸው ናቸው። ዳገቱ ለማቆም ይረዳል፤ ነገር ግን የአብራሪውን ዓይን ያታልላል። ወደ ላይ ያዘመመ ሜዳ ከፊት ሲታይ አብራሪው ከሚገባው በላይ ከፍ ብሎ የመጣ ይመስለውና ዝቅ ይላል፤ ያን ጊዜ ከአፋፉ በታች ይገኛል። ጠባብ ሜዳም ይህንኑ ስሕተት ያስከትላል። በእንደዚህ ያለው ሜዳ ላይ ከፊት ለፊት ተራራ ስላለ ሐሳብን ለውጦ እንደ ገና ለመነሣት ጊዜ የለም። የታወቀው ምሳሌ በኔፓል የሚገኘው የሉክላ ማረፊያ ነው። ከፍታው 2,845 ሜትር፣ ርዝመቱ 527 ሜትር፣ ዳገቱም በ100 ሜትር ከ11 ሜትር በላይ ነው። በመስከረም 28 ቀን 2001 ዓ.ም. አንድ ትዊን ኦተር ወደዚያ ሲቀርብ ማረፊያውን ጉም ሸፈነው፤ አውሮፕላኑም ማኮብኮቢያው ጋ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ከመሬት ጋር ተጋጨ። በውስጡ ከነበሩት 19 ሰዎች 18ቱ ሞቱ፤ የተረፈው አብራሪው ብቻ ነበር።

ከዚህ አደጋ ለእኛ የሚሆነው ትምህርት የደመናን ነገር ይመለከታል። ደጋ ላይ ጉም ደቂቃ አይፈጅበትም። አውሮፕላኑ ሲነሣ «ሰማዩ ጥርት ያለ ነው» የተባለው መልእክት ከአንድ ሰዓት በኋላ እውነት ላይሆን ይችላል፤ መልእክት ያስተላለፈው ሰው ግን ሥራውን እንደ ጨረሰ ቆጥሮ ወደ ቢሮው ተመልሷል። መልእክተኛው አውሮፕላኑ እስኪያርፍ ድረስ ከራዲዮው መራቅ የለበትም። የደመናውንም ከፍታ በሜትር መገመት አያስፈልገውም፤ «ደመናው ከምሥራቁ ተራራ ወገብ በታች ወርዷል» ቢል አካባቢውን ለሚያውቅ አብራሪ ይበቃዋል።

የክብደት ነገር ከሁሉ ይልቅ ባለሥልጣንን የሚመለከት ነው። በጎረቤታችን በደቡብ ሱዳን ጳጉሜን 4 ቀን 2010 ዓ.ም. ከጁባ የተነሣ ሌት-410 የተባለ አነስተኛ አውሮፕላን ወደ ዪሮል ሲቀርብ ሐይቅ ውስጥ ወድቆ ከ23 ሰዎች 20ው ሞተዋል። ይህ ዓይነት አውሮፕላን የሚሠራው ለ19 መንገደኞች ነው፤ በዕለቱም አየሩ ጭጋጋማ እንደ ነበረ ተዘግቧል። ከሟቾቹ መካከል ለሥራ ይጓዙ የነበሩ የእርዳታና የሃይማኖት ሰዎች ይገኙበታል። በእኛም ዘንድ «አንድ ሰው ብቻ ነው፣ እንደ ምንም አስገቡት» የሚለው ልመና የተለመደ ነው፤ ልመናውም ከበላይ ሲመጣ ትእዛዝ ይሆናል። አንድ ጎልማሳ ከነሻንጣው አንድ ኩንታል ያህል ይመዝናል። ዝናብ የመታው ጆንያም በላዩ የተጻፈውን ኪሎ አይመዝንም። የጭነት ዝርዝር የሚፈርመው ኃላፊ አንድ ሚዛን በሜዳው ዳር ቢያቆም ከክርክር ይገላገላል።

ከብትና ሰውም አሉ። በድርቅ ጊዜ ማኮብኮቢያው በአካባቢው የቀረ ብቸኛ የግጦሽ ሣር ሊሆን ስለሚችል እረኛውን መውቀስ አይገባም፤ ማስጠንቀቅና ጠባቂ መመደብ ግን ይገባል። ወፎችን በሚመለከት አገራችን መራራ ልምድ አላት። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ከባሕር ዳር ሲነሣ የርግብ መንጋ በሁለቱም ሞተሮቹ ገብቶ፣ ሞተሮቹ ኃይል በማጣታቸው በሆዱ ለማረፍ ተገደደ፤ ከ104 ሰዎች 35ቱ ሞቱ። ያ ትልቅ አውሮፕላን ነበር፤ ነገር ግን እህል በተራገፈበት ሜዳ ዳር የፈሰሰ ስንዴ ርግብ እንደሚጠራ የታወቀ ነው። መጥረጊያና አንድ ሠራተኛ ይበቃሉ።

ሰው ከከብት ይልቅ ያስቸግራል፤ ምክንያቱም የሚሮጠው ወደ አውሮፕላኑ ነው። የተራበ ሰው እህል ሲያይ ርቀት አይጠብቅም፤ ሕፃናትም ለማየት ይጎርፋሉ። የሚሽከረከር ፕሮፔለር በዓይን አይታይም። ሞተሩ ፀጥ ብሎ ፕሮፔለሩ ፈጽሞ እስኪቆም ድረስ ማንም ሰው ከ50 ሜትር በላይ እንዳይቀርብ ገመድ መዘርጋትና የሕዝቡን ሽማግሌዎች አስቀድሞ ማነጋገር አስፈላጊ ነው። በዱላ የሚደረገው ጥበቃ ሕዝቡን ያስቆጣል እንጂ አይመልሰውም።

በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ 600 ሺህ ያህል ሰዎች ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ የአገሪቱ ክፍሎች በሠፈራ ሲዛወሩ ከፊሎቹ በአንቶኖቭ አውሮፕላኖች ተጓጉዘዋል። ያ ሠፈራ በሰዎች ላይ ያስከተለው መከራ ራሱን የቻለ ጽሑፍ የሚጠይቅ ነው። ለአሁኑ ጉዳያችን የሚጠቅመው የዚያ ዘመን ሌላ ልምድ ነው። በ1977 ዓ.ም. የእንግሊዝ አየር ኃይል ሄርኩለስ አውሮፕላኖች ማረፊያ በሌለበት ደጋ ላይ እህል ከዝቅተኛ ከፍታ እየጣሉ ያድሉ ነበር። ለዚህም የፖላንድ ሄሊኮፕተሮች ሰዎችን አስቀድመው ወስደው ሥፍራውን ያስመርጡና ያስጠብቁ ነበር። ጆንያ ለመጣል እንኳ በመጀመሪያ መሬቱን ያየ ሰው ያስፈልግ ከነበረ፣ ሰው ለያዘ አውሮፕላን ማረፊያ ይህ አይበዛም።

እንግዲህ ወደ መልእክቱ እንመለስ። ከገጠር ጣቢያ የሚላከው የተለመደው መልእክት «ሜዳው ደህና ነው» የሚል ነው። ይህ ቃል ለአብራሪው ምንም አይነግረውም፤ ምናልባት የመልእክተኛውን ፍላጎት ይነግረዋል። የጣቢያው ኃላፊ ችግሩን ያውቃል፤ በመጋዘኑ የቀረው እህል የሦስት ቀን ነው፤ «ሜዳው ረጥቧል» ካለ በረራው ወደ ሌላ ጣቢያ እንደሚዞርና ተመልሶ መቼ እንደሚመጣ እንደማይታወቅ ይገባዋል። ስለዚህ «ደህና ነው» ይላል። ይህን የሚያደርገው ከክፋት ወይም ከስንፍና አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ ለወገን ከማዘን ነው። በዋናው መሥሪያ ቤት ያለነው የምንጠየቅበት ነገር ቢኖር እውነተኛውን ወሬ የነገረን ጣቢያ ተራውን እንዲያጣ ማድረጋችን ነው። ሜዳው በዝናብ የተዘጋበት ጣቢያ በረራው ሲፈቀድ የመጀመሪያውን ተራ እንደሚያገኝ በቅድሚያ ቢታወቅ፣ ውሸት የሚያስገኘው ጥቅም አይኖርም ነበር።

ጥሩ መልእክት ምን እንደሚመስል በምሳሌ ማሳየት ከማብራራት ይሻላል። «ሜዳው ዛሬ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ30 ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ በእግርና በመኪና ታይቷል። ትናንት ማታ አንድ ሰዓት ያህል ዘንቧል። ሰሜናዊው 400 ሜትር ደረቅ ነው፤ በደቡባዊው 200 ሜትር የመኪና ጎማ ፈር ያወጣል። ሣሩ ከቁርጭምጭሚት በታች ነው። ነፋሱ ከሰሜን ነው፣ ቅጠል ያንቀሳቅሳል። ደመና ከተራራው ጫፍ በላይ ነው። ከብት የለም፣ አራት ጠባቂዎች ቆመዋል። ከአውሮፕላኑ መምጫ ሰዓት 15 ደቂቃ በፊት እንደ ገና እንናገራለን።» በዚህ መልእክት ውስጥ «ደህና» የሚል ቃል የለም። ደህና መሆን አለመሆኑን የሚወስነው አብራሪው ነው፤ አራት መቶ ሜትር እንደማይበቃው ካሰበ ጭነቱን ቀንሶ ይመጣል ወይም ይቀራል። ያልታየ ነገር ካለ «አልታየም» ማለት ነውር አይደለም። በግምት የተሞላ ቁጥር ከባዶ ቦታ ይልቅ ጎጂ ነው።

አደጋው ደርሶ ቢገኝስ? በመጀመሪያ ሕዝቡን ከነፋሱ በላይ በኩል ማራቅ፤ ነዳጅ ሊፈስ ስለሚችል ሲጋራና የማብሰያ እሳት ማጥፋት። ፕሮፔለሩ ሳይቆም አለመቅረብ። እሳት ከተነሣ ወይም ጢስ ከታየ ሰዎቹን በማንኛውም መንገድ ቶሎ ማውጣት፤ እሳት ከሌለ ግን የተጎዳን ሰው አንገቱንና ጀርባውን ሳያጥፉ ማንቀሳቀስ፣ ከተቻለም የጤና ባለሙያ እስኪመጣ ባለበት ማቆየት። አውሮፕላን በሚጠበቅበት ሰዓት የጤና ረዳቱና ቃሬዛው በሜዳው ዳር መገኘታቸው ለዚህ ነው። አሸዋና አካፋ በርሜል አጠገብ ተዘጋጅተው ከቆዩ በጅምሩ ያለ ትንሽ እሳት ሊገታ ይችላል፤ የተቀጣጠለ የነዳጅ እሳት ግን ከአሸዋ በላይ ስለሆነ ማንም ሕይወቱን ለአውሮፕላኑ አይስጥ።

ሰዎቹ ከወጡ በኋላ ስብርባሪው ሳይነካ መጠበቅ አለበት። እህሉን ለማትረፍ ወይም ሜዳውን ለማጽዳት ተብሎ የተጎተተ አውሮፕላን የአደጋውን ምክንያት ይዞ ይጠፋል። አገሮች በተስማሙበት የዓለም አቀፍ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ደንብ፣ በ13ኛው ተቀጥላ፣ የአደጋ ምርመራ ብቸኛው ዓላማ ሌላ አደጋን መከላከል እንጂ ጥፋተኛን ለይቶ መቅጣት አይደለም። ይህን ማወቅ የጣቢያው ሠራተኛ የላከውን መልእክት ሳይሸሽግ እንዲያቀርብ ያግዘዋል። የመልእክቱ ቅጂና የተላከበት ሰዓት፣ የዝናቡ ሁኔታ፣ አውሮፕላኑ መሬት የነካበት ቦታ፣ የጎማዎቹ ፈር በፎቶግራፍና በሜትር ተለክቶ መያዝ ይኖርበታል፤ ዝናብ ከመጣ ፈሩ በአንድ ሌሊት ይጠፋልና በቅድሚያ እርሱ ይለካ።

ምርመራው አብቅቶ አውሮፕላኑ ከተነሣ በኋላ ሜዳው ወዲያውኑ ክፍት አይሆንም። በግጭቱ የተበታተነ ብረት ሁሉ ተለቅሞ፣ ጎማው የቆፈረው ፈር በጠጠርና በአፈር ተሞልቶና ተረግጦ፣ በመኪና ተነድቶበት መታየት አለበት። በለስላሳ አፈር ብቻ የተሞላ ፈር በሁለት ሳምንት ውስጥ ሣር ይበቅልበታል፤ ሣር ከሸፈነው በኋላም ከአየር ላይ አይታይም።